ከዐማራት ሜዳ ወደ ጎንደር ዳገት

በሜዳ ላይ የተቆረቆረ ከተማ በወንዙና በመንገዱ ይኖራል፤ በተራራ አናት ላይ የተቆረቆረ ከተማ ግን ከታች ወደ እርሱ በሚወጣው ሰው ይኖራል። የሚወጣው ሰው የቀረ ዕለት ግንቡ ቢቆምም ምድጃው ይጠፋል። ይህን እውነት የኢጣልያ አገር ሰዎች ከረጅም ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። ኦርቪዬቶ፣ ፔሩጃ፣ አሲሲና ሲዬና የተባሉት ከተሞች በኮረብታ ላይ የተሠሩት በአንድ በኩል ጠላትን ከሩቅ ለማየት፣ በሌላ በኩል ደግሞ በዝቅተኛው ረግረግ ይነግሥ ከነበረው ወባ ለመራቅ ነበር። ዛሬ ጠላቱም ወባውም በሌለበት ጊዜ፣ መንገደኛው በመኪና ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እየዞረ፣ በየመንደሩ ካለችው ትንሽ ምግብ ቤት ጎራ እያለ፣ የእነዚህን ከተሞች ሕይወት ያቆያል።

ውድ አንባብያን፣ እንዲህ ላለው ጉዞ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። አገራችን ራሷ የተራራ ከተሞች አገር ናት። በዛሬው ጽሑፋችን በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ከሱዳን ዋና ከተማ ከኻርቱም ተነሥተን በመተማ በኩል እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ድረስ ያደረግነውን ጉዞ ለሠፈራችን ሠራዊትና ቤተሰብ እናካፍላለን።

የተነሣነው ዐማራት ከተባለው ሰፈር ነው። ስሙን በመጀመሪያ የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከራሱ አገር ስም ጋር ያዛምደዋል፤ ነገር ግን ቃሉ በዐረብኛ «ሕንፃዎች» ማለት ነው። ሰፈሩ ከኻርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተምዕራብ የሚገኝ ሲሆን፣ ጎዳናዎቹ በስም ሳይሆን በቁጥር ይጠሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ከሥራ ሰዓት በኋላ በእነዚያ ጎዳናዎች ላይ የሚንሸራሸር ሰው የተቆላ ቡና ሽታ አፍንጫውን ይዞ ወደ አንዱ በር ይመራው ነበር። ከውጭ ሲታይ እንደማንኛውም ቤት ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጀበናና የአማርኛ ጨዋታ ይቀበሉታል። ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በልዩ ልዩ ምክንያት ወደ ሱዳን የተሻገረው ወገናችን ከተሸከመው ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ የተከለው ምጣዱን ነበር ለማለት ይቻላል።

እኛም በሥራ ምክንያት በኻርቱም በቆየንባቸው ሳምንታት አንዲት የአይከል ተወላጅ በሚያስተዳድሩት ምግብ ቤት እንመገብ ነበር። ከዐሥራ ስምንት ዓመት በላይ በዚያ አገር የኖሩ ናቸው። በጎንደር በኩል ወደ አገራችን ልንመለስ መሆናችንን ሲሰሙ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ከርከዴና አንድ ብልቃጥ ሽቶ አምጥተው በእጃችን አኖሩልን።

«ልጆቼ፣ አይከል መነኸሪያው አጠገብ እኅቴ ምግብ ቤት አላት። ይህን ስጡልኝ። ሳትበሉ ብታልፉ ደግሞ እኔም እሷም እንቀየማችኋለን» አሉን።

«እሺ እትዬ፣ ትእዛዝዎ ይፈጸማል» አልናቸው። ወታደር ከሚቀበላቸው ትእዛዞች ሁሉ ጣፋጩ ይህ እንደ ነበር ባልደረቦቻችን ይመሰክራሉ።

ኻርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከእርሷ በዋድ መዳኒ በኩል እስከ ገዳሪፍ ያለው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ዓይን የሚያርፍበት ኮረብታ የለውም ማለት ይቻላል። ሰማይና ሜዳ፣ ሜዳና ሰማይ ነው። ገዳሪፍ ስንደርስ ግዙፎቹ የእህል ጎተራዎች ከሩቅ ታዩን። ወቅቱ የሰሊጥ አዝመራ የሚሰበሰብበት ስለ ነበር የእርሻው ሠራተኛ በየመንገዱ ዳር ይጎርፋል፤ ከመካከሉም ከደጋው የወረደ የጎንደርና የጎጃም ልጅ አይጠፋም። እኛም ከጣውላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን በዘይት የታሸ ፉል በዳቦ በላን።

ከገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ገላባት ደረስን። በዚያ መኪናችንን ለባለቤቱ መልሰን፣ ድልድዩን በእግር ተሻግረን፣ በመተማ ዮሐንስ ይጠብቀን በነበረው ሌላ መኪና ገባን። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ወንዝ ጠባብ ነው፤ ታሪኩ ግን ሰፊ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉትና የወደቁት በዚህ ምድር በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው። ከተማይቱም ስማቸውን ይዛ ቀርታለች። ባርኔጣችንን አውልቀን ጥቂት ከቆምን በኋላ ጉዟችንን ቀጠልን።

ከመተማ በኋላ የመልክዐ ምድሩ ጠባይ ቀስ በቀስ ይለወጣል። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ያህል ነው። ገንዳ ውኃን አልፈን ነጋዴ ባሕርን እስክንለቅ ድረስ ሙቀቱ አልተለየንም፤ የመኪናው መስኮት ሁሉ ክፍት ነበር። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። ሾፌራችን ማርሹን አከበደ፤ ሞተሩ አጓራ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም አንዱ ባልደረባችን መስኮቱን ዘጋ፤ ሁለተኛውም ዘጋ፤ በመጨረሻ ሾፌራችን ከመቀመጫው ኋላ ጋቢውን ጎትቶ ትከሻው ላይ ጣለ። ደጋ መድረሳችንን የነገረን ካርታ ሳይሆን ጋቢው ነበር።

አይከል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች የጭልጋ ከተማ ናት። ጭልጋ በጥንቱ ዘመን ከሱዳን የሚመጣውና ከጎንደር የሚወርደው ነጋዴ የሚገናኝበት ገበያ ነበር። ቦታውን በወታደር ዓይን ላየው ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቆላው ነጋዴ ከዚህ በላይ ብርዱን፣ የደጋው ነጋዴ ከዚህ በታች ወባውን ይፈራል። ስለዚህ ሁለቱ በአፋፉ ላይ ተገናኝተው ይገበያዩ ነበር። የኢጣልያውን ኮረብታ ከተማ ያስገኘው ፍርሃት እዚህም ከተማ አስገኝቷል።

የተላክንባት ምግብ ቤት አንድ ክፍል ብቻ ነበረች። ግድግዳዋ በሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ወለሏ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት ነው። እኅትየዋ የተቋጠረውን ጨርቅ ተቀብለው አሸተቱት፤ ከዚያም ምንም ሳይናገሩ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ በሸክላ ድስት የሚፈላ ሽሮ፣ ስንግ ቃሪያና ገና ከምጣድ የወጣ እንጀራ ይዘው ነበር። የዐማራቱ ሽሮና የአይከሉ ሽሮ አንድ እጅ የሠራቸው ይመስሉ ነበር። በ700 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ በድንበርና በሁለት ዐይነት ገንዘብ የተለያዩ ሁለት እኅትማማቾች በበርበሬያቸው አልተለያዩም። ሒሳብ ስንጠይቅ፣ «የእኅቴ መልእክተኞች አይከፍሉም» ብለው ገንዘባችንን መለሱልን።

ከአይከል በአዘዞ በኩል ጎንደር ገባን። ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል በተዘረጋ ከፍታ ላይ በ1628 ዓ.ም. አካባቢ በዐፄ ፋሲል የተቆረቆረች ናት። ስለ ግንቦቿ ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ አንደግመውም። ትኩረታችንን የሳበው ከግንቡ ቅጥር በስተሰሜን ያለው ፒያሳ ነው። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ጎንደርን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ለዘለዓለም የሚኖርባት መስሎት ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት፣ መሥሪያ ቤትና መኖሪያ አሠራ። ነገር ግን ገና ዐምስት ዓመት ከመንፈቅ ብዙም ሳያልፍ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናሲ በዚያችው ከተማ እጁን ሰጠ። እንደ አሞራው ውብነህ ያሉ አርበኞች ለዓመታት በዱር የተጋደሉለትና ከእንግሊዝ ጦር ጋር የተገኘው ይህ ድል በምሥራቅ አፍሪካ የነበረውን የመጨረሻውን ዋና የኢጣልያ ጦር ከጨዋታ ውጭ አደረገ።

የወራሪው ዘመን ሲያበቃ በገበታው ላይ የቀረው ምንድን ነው? ዕለቱ ረቡዕ ስለ ነበር በፒያሳው አንድ ምግብ ቤት የጾም ምግብ አዘዝን፤ ፓስታ በአትክልት ስጎ ቀረበልን፤ ከሥሩ ግን እንጀራ ተነጥፎለታል፤ ከጎኑም ሚጥሚጣ አለ። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ፓስታውን በሹካ ሳይሆን በእንጀራ እየጠቀለሉ ይጎርሱ ነበር። እኛም እንደ እሳቸው አደረግን፤ የሚጣፍጠውም እንዲያ ነው። የሕዝብ ጉሮሮ ከባዕድ የመጣውን ሁሉ አይተፋም፤ አኝኮ የራሱ ያደርገዋል እንጂ። ይህ በምግብ ብቻ አይደለም። ሾፌራችን በማግሥቱ ጧት መኪናውን ሲፈትሽ «ጎማ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን» እያለ ሲቆጥር፣ ረዳቱንም «ካቻቢቴና ፒንሳ አቀብለኝ» ሲለው ሰማን። ቃላቱ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ግን ከመካከላቸው አንዱንም እንደ ባዕድ የሚያየው መካኒክ የለም።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮሶዬ ላይ ከመኪና ወርደን ገደሉን ቁልቁል አየን፤ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፈን ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችውን ደባርቅን ደረስን። ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ምግቧ እንደ አየሯ ነው፤ የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ የጋለ ድንች ወጥና እጅ የሚያሞቅ ሻይ። ምግብ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ሁሉ ወንበሩን ወደ ከሰሉ ምድጃ ስለሚያስጠጋ፣ የማይተዋወቅ ሰው በግድ ይተዋወቃል። የብርድ አገር ጨዋነት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከደባርቅ ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ተጓዝን ወልቅፊትና የሊማሊሞ አፋፍ ይገኛሉ። ኢጣልያኖች አሥመራንና ጎንደርን ለማገናኘት የጠረቡት መንገድ ከዚህ ገደል እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በወልቅፊት የመሸገው ጦራቸው እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ሊቆይ የቻለው ስለ ምን እንደ ሆነ ቦታውን ያየ ወታደር አይጠይቅም፤ ከፍታ ያለው መንገዱን ይይዛል። እንግዲህ ለጥይትና ለስንቅ ማመላለሻ ተብሎ የተሠራው መንገድ ዛሬ ድንች፣ ገብስና ሙሽራ ያመላልሳል።

ያ ጉዞ ከተፈጸመ ዐምስት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በኻርቱም ጦርነት ተነሣ። ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ አውሮፕላን ማረፊያው ስለ ነበር ለአጠገቡ ዐማራት እሳቱ ሩቅ አልነበረም። ምጣዶቹ ቀዘቀዙ፤ በቁጥር የሚጠሩት ጎዳናዎች ባዶ ሆኑ። የሱዳን ጦር አውሮፕላን ማረፊያውን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ መካከል በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሰው በገላባት ድልድይ ወደ መተማ ተሻገረ፤ ከእርሱም ብዙው ወደ አገሩ የሚመለስ ኢትዮጵያዊ ነበር። በግንቦት ወር ከአይከል ስልክ ተደወለልን። የደወሉት የዐማራቷ እመቤት ነበሩ። «ልጆቼ፣ ምጣዴን ጥዬ መጣሁ፤ እኅቴ ግን ሁለተኛ ምጣድ ገዛችልኝ» አሉን። አንዷ ክፍል ሁለት ቤተሰብ መመገብ ጀምራለች ማለት ነው። ዳገት ላይ ያለች ትንሽ ምግብ ቤት ምን ያህል ሸክም እንደምትችል የተማርነው ከዚህ ቃል ነው።

ስለ ቤተሰብ ጉዞ ጥቂት ምክር እንጨምር። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ የመንገዱ ሁኔታ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ፈቃድ የወጣ የሠራዊት አባል ቤተሰቡን ይዞ ከመነሣቱ በፊት ጸጥታውን በቅድሚያ ያጣራ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ደግሞ ጧት ተነሥቶ ቀን በቀን መጓዝ ይበጃል። ቁልቁለት ሲወረድ በወጡበት ከባድ ማርሽ መውረድ እንጂ ፍሬን እየረገጡ ማጋል አይገባም። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ለልጆች ሹራብ በእጅ ይያዝ እንጂ ከሻንጣ ሥር አይቅበር፤ በቆላው የሚያድር ደግሞ አጎበር አይርሳ። ስንቅ መቋጠር መልካም ነው፤ ሙሉ ስንቅ ይዞ በየከተማው መዝጊያ ፊት ሳይቆሙ ማለፍ ግን ለመንገደኛውም ለከተማውም ጉዳት ነው።

በተራራ ላይ ያለ ከተማ ጠላትን ለመከላከል ግንብ ነበረው፤ ኑሮውን ለመከላከል ያለው ግን ምድጃው ብቻ ነው። ከመኪናችሁ ወርዳችሁ እጃችሁን ታጥባችሁ በአንዲቱ ገበታ ብትቀመጡ፣ የምትከፍሉት ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ከዚያች ገበታ በስተኋላ ግን የማታዩት ቤተሰብ፣ አንዳንዴም ከሩቅ አገር ባዶ እጁን የተመለሰ ወገን ይኖራል። መልካም ጉዞ፣ መልካም ገበታ።