ሞተሩ ወደ ኋላ ሲዞር

በመተማ ዮሐንስ ባጃጅ የሚሳፈር ሰው ሞተሩ የት እንዳለ መጠየቅ አያስፈልገውም። የሚያዝያ ፀሐይ ከላይ ስትጠብሰው የሞተሩ ወላፈን ከኋላው ይመጣበታል። ቮልስም እንዲሁ ናት፤ የፊት ክዳኗ ሲከፈት የሚታየው የዕቃ ቦታ ነው። ሞተር ከኋላ መሆኑ ለኢትዮጵያዊ ተሳፋሪ ብርቅ አይደለም።

ብርቁ ፊት የነበረውን ነቅሎ ወደ ኋላ ማዞሩ ነው። በዚህ እንግሊዞች ይታወቃሉ። ሚኒ የተባለችው ትንሿ መኪናቸው የነዳጅ ችግር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1956 የስዊዝ ቀውስ ቤንዚንን በራሽን ካደረገው በኋላ ኢንጂነሩ አሌክ ኢሲጎኒስ ነዳጅ ቆጣቢ መኪና እንዲሠራ ታዘዘ። ሞተሩን ፊት ላይ አግድም አድርጎ፣ ሦስት ሜትር ገደማ የምትረዝም ባለ አራት ሰው መኪና በ1959 አወጣ። ዛሬ አንዳንድ አፍቃሪዎቿ ያንን ሞተር አውርደው፣ የኋላ ወንበሩን ነቅለው፣ በቦታው የትልቅ ሞተርሳይክል ሞተር ይተክላሉ። አራት ሰው ትጭን የነበረችው ሁለት ትጭናለች፤ ግን ትበራለች።

ሥራው ብየዳ ብቻ አይደለም። ክብደት ወደ ኋላ ሲሄድ የሚገፉት የኋላ ጎማዎች መሬቱን ይቆነጥጣሉ፣ ፊቷ ግን ይቀላል። ኩርባ ላይ ኋላዋ ሊያመልጥ ይችላል። ለፊት ክብደት ተብሎ የተሠራው ፍሬን እንደገና መስተካከል አለበት። ራዲያተሩ ፊት ከቀረ ውሃው በረጅም ቱቦ ይመላለሳል። ስለዚህ በእንግሊዝ እንዲህ ከሥሯ የተለወጠች መኪና ምርመራ ሳታልፍ መንገድ ላይ እንድትወጣ አይፈቀድም። መለወጡ አልተከለከለም፤ መመርመሩ ግን ግዴታ ሆነ።

ይህ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ለምዕራብ ጎንደር ምን ይረባዋል? ብዙ ይረባዋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ቀድሞ የገቡት ግን መንገድ ላይ ናቸው። አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና የመግዛት አቅም የሌለው ባለንብረት፣ ቤንዚን ፍለጋ ሰልፍ ሲሰለቸው፣ የአሮጌ መኪናውን ሞተር አስወርዶ በባትሪ ማስነዳት ቢያስብ አይፈረድበትም። ያን ጊዜ የሚኒዎቹ ጥያቄ ገንዳ ውሃ ጋራዥ ድረስ ይመጣል። ከባዱ ባትሪ የት ያርፋል? ፍሬኑ ይችለዋል? በቆላው ሙቀትስ ባትሪውን ምን ያቀዘቅዘዋል?

ከጎንደር በአይከል አድርጎ ወደ መተማ የሚሄደው መንገድ ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ የክብደት ስህተት የሚከፈለው በሰው ሕይወት ነው።

ሌላው ጣጣ ወረቀቱ ነው። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥርም የሻንሲ ቁጥርም ሰፍሯል። ሞተሩ ሲለወጥ ወረቀቱና መኪናው ይለያያሉ። የሚሄድበትን በር የማያውቅ ባለንብረት ደግሞ አንድም ሥራውን ይተወዋል፣ አንድም ደብቆ ይሠራዋል። ተደብቆ የተሠራ መኪና ቢገለበጥ ሹፌሩና መካኒኩ ይጠየቃሉ፤ ተሳፋሪው ግን አስቀድሞ ተጎድቷል።

መፍትሔው ክልከላ አይደለም፤ ዝም ብሎ ማየትም አይደለም። የተለወጠ መኪና በምን እንደሚመዘን ግልጽ መስፈርት ይውጣ። ፍሬኑ ይፈተሽ፣ በየጎማው ላይ ያረፈው ክብደት ይለካ፣ የባትሪው አሳሰር ይታይ፤ ያለፈው አዲስ ሊብሬ ይሰጠው። ምርመራውም አዲስ አበባ ላይ ብቻ አይቅር፤ የመተማ ሰው ለአንድ ማኅተም ዋና ከተማ ድረስ እንዲሄድ ከተፈረደበት ሕጉ ወረቀት ላይ ይቀራል። መካኒኮችም መኪናውን ከመክፈታቸው በፊት ይሠልጥኑ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል።

የመተማ መካኒክ እጁ አያንሰውም። ያነሰው የሠራውን መርምሮ "ይህ ሰው ይጫንበት" ብሎ የሚፈርምለት ነው።