ከመረቡ ዓይን ያመለጠው

በኪሌሌሽዋ የምኖርበት ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በጥቅምት ወር የጃካራንዳው አበባ ሲረግፍ፣ በእኛና በጎረቤታችን ሕንፃ መካከል የሚገባው ነፋስ ሐምራዊውን አበባ ከመሬት አንሥቶ ያሽከረክረዋል። ትልቁ አዙሪት ወደ ትናንሽ አዙሪቶች ይከፋፈላል፤ ትናንሾቹም ጥቂት ዞረው ይጠፋሉ። ለዓመታት እያየሁት ምንም አላሰብኩበትም ነበር፤ አንድ የትርጉም ሥራ እስኪመጣልኝ ድረስ።

ጽሑፉ ለነፋስ ኃይል ባለሙያዎች የተዘጋጀ የሥልጠና መጽሐፍ ነው። ነፋስ በተርባይኖች መካከል ሲያልፍ የሚሆነውን በኮምፒውተር ስለ ማስላት ያትታል። ጉዳዩ ለአካባቢያችን ባዕድ አይደለም። በኢትዮጵያና በኬንያ ደጋዎች መካከል ተጠብቦ የሚያልፈው የቱርካና ነፋስ፣ በሎያንጋላኒ አቅራቢያ ለተተከሉ 365 ተርባይኖች ጉልበት ነው፤ የማመንጨት አቅማቸውም 310 ሜጋ ዋት ይደርሳል። በአገራችንም የአሸጎዳና የአዳማ ማመንጫዎች አሉ።

ገና በመጀመሪያው ገጽ አንድ ቃል ያዘኝ፤ ቴርቡለንስ። «ሁከት» ልበለው? «ነውጥ»? ሁለቱም ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት ጀምሮ የዜና ቋንቋ ሆነው ስለ ሰነበቱ፣ ስለ ነፋስ ስጽፍ የሚታየኝ ጎዳና ላይ የሚሮጥ ሰው ሆነ።

እዚሁ ናይሮቢ ምህንድስና የሚማር የጎረቤቴ ልጅ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ችግሬን ሲሰማ ሳቀ። «እትዬ፣ ዕጣኑን ይመልከቱት» አለኝ። ጢሱ ከማጨሻው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጥቂት ከፍ ሲል ይንቀጠቀጥና ይጠቀለላል፤ ከዚያ ይበታተናል። «ቀጥ ያለውን ማስላት ቀላል ነው። ጣጣው ከላይ ነው።»

ኮምፒውተሩ አየሩን እንደ ዓሣ መረብ በዓይኖች ይከፋፍለዋል። የመረቡ ዓይን 10 ሜትር ቢሆን፣ ከዚያ በጣም የሚበልጠውን አዙሪት ይይዛል፤ ያነሰው ያመልጣል። በአየር ውስጥ ያለው ትንሹ አዙሪት ደግሞ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ነው፤ ያን ሁሉ የሚይዝ መረብ ለአንድ የተርባይን ሜዳ ለመዘርጋት የየትኛውም ኮምፒውተር አቅም አይበቃም።

«ታዲያ ያመለጠውን ለምን አንተወውም?» ስል ጠየቅሁት።

«እኛ ብንተወው እሱ አይተወንም» አለኝ። ትልቁ አዙሪት ጉልበቱን ለትንሹ ያወርሳል፤ ትንሹ ደግሞ ወደ ሙቀት ለውጦ ይጨርሰዋል። ትንሹን ከስሌቱ ካስወጣነው፣ ጉልበቱ መውጫ አጥቶ በመረቡ ዓይን ልክ ይከማቻል፤ ውሎ አድሮም ትልቁን ፍሰት ያበላሻል።

አንዱን መፍትሔ እ.ኤ.አ. በ1963 ያቀረበው አሜሪካዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ጆሴፍ ስማጎሪንስኪ ነው። ያላየነውን አዙሪት አንድ በአንድ መግለጽ ባይቻልም፣ ከትልቁ ፍሰት የሚወስደውን ጉልበት መገመት ይቻላል። አጎራባች የአየር ንጣፎች በተለያየ ፍጥነት በተንሸራተቱ ቁጥር፣ አየሩ ይበልጥ እንደ ወፈረ ተደርጎ ይሰላል። ለዚህ የሚያስፈልገው መለኪያ ግን ለሁሉም ፍሰት አንድ አልሆነም፤ ለአንዱ 0.1 ሲስማማ ሌላው ወደ 0.2 የሚጠጋ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ማሲሞ ጀርማኖና ባልደረቦቹ መለኪያውን ከራሱ ከፍሰቱ የማንበብ ዘዴ አመጡ። የተያዘውን ፍሰት ዓይኑ በሰፋ መረብ እንደገና ማጥለል፣ ሰፊው ያሳለፈውን አይቶም ጠባቡ ያሳለፈውን መገመት ነው።

ይህን ስሰማ ዝም አልኩ። ከዓመታት በፊት አንድ የበልግ ትንበያ ተርጉሜ ነበር። ዋናው ጽሑፍ ዝናቡ መደበኛ የመሆን ዕድሉ ከሌሎቹ ሁለት አማራጮች በጥቂቱ እንደሚበልጥ ይገልጻል። እኔ ዐረፍተ ነገሩ እንዳይንዛዛ «መደበኛ ዝናብ ይጠበቃል» ብዬ ቆረጥኩት። ወሎ ያሉት አጎቴ በስልክ ሲጠይቁኝም ያንኑ ነገርኳቸው። ያስቀመጡትን ዘር በተኑ። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ጥሎ ቀረ። በኋላ ስደውል «የሰማይን ነገር ማን ያውቃል፣ ልጄ» አሉኝ እንጂ አልወቀሱኝም። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ አለመውቀሳቸው ነው።

«በጥቂቱ» የምትለዋን ቃል፣ ትንሽ ናት ብዬ ጣልኳት። እሷ ግን አልጠፋችም፤ አጎቴ ማሳ ላይ ጠበቀችኝ።

የሥልጠናውን መጽሐፍ ጨርሼ አስረክቤአለሁ። ቴርቡለንስን «የተናወጠ ፍሰት» አልኩት፤ እንከን የለውም አልልም። ቃሉ ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚያስመልጥ ግን በየግርጌው ጻፍኩ። አሠሪዎቼ የግርጌ ማስታወሻው በዛ፣ ይቀነስ አሉኝ። ስለ አጎቴ ማሳ ነገርኳቸው፤ ማስታወሻዎቹም ባሉበት ቀሩ።