አንድ መጽሐፍ ለስልሳ ሁለት ተማሪ

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ወር ነው። የአማርኛ አስተማሪያችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብበን በሁለት ወር ውስጥ ሐተታ እንድንጽፍ አዘዙን። በክፍላችን ያለነው ስልሳ ሁለት ነን፤ እዚህ ሰበታ ባለው ቤተ መጻሕፍታችን የሚገኘው ግን አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ገጹም ከአምስት መቶ በላይ ነው። እኔ የክፍሉ አለቃ ስለ ሆንሁ መላ መፈለግ የእኔ ተግባር መሰለኝ። መጽሐፉን ለአንድ ሌሊት ተዋስሁና ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው በስልክ ፎቶግራፍ አነሣሁት። ሲነጋም በቴሌግራም ለክፍሉ ሁሉ ላክሁ። ያን ቀን እንደ ጀግና ተቆጠርሁ፤ ልዋሽ አልሻም፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

መጽሐፉን ስመልስ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ገለጥ አድርገው አዩት። እያንዳንዱን ገጽ አስተኝቼ ስጫነው ስላደርሁ ጥራዙ ተሰንጥቋል፤ ቅጠሎቹም መውለቅ ጀምረዋል።

«ልጄ፣ አንብበኸው ነው ወይስ ገልብጠኸው?» አሉኝ።

እውነቱን ነገርኋቸው። አልተቆጡም። ከመደርደሪያው አንድ ነጋሪት ጋዜጣ አውጥተው «እንግዲህ ይህን አንብብና ደግ መሥራትህን አለመሥራትህን አንተው ራስህ ንገረኝ» ብለው ሰጡኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የሰጡኝ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። የሕግ ቋንቋ ደረቅ ነው፤ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ለማስተማር ተብሎ የታተመ ሥራ ቢባዛ የመብቱ ባለቤት ሊከለክል አይችልም ይላል፤ ይኸውም ከተገቢው አሠራር ካልወጣና ትምህርቱ ከሚፈልገው መጠን ካላለፈ ነው። በቅጂውም ላይ እስከ ተቻለ ድረስ ምንጩና የደራሲው ስም መጠቀስ አለበት። ይህን ሳነብ «እኔስ ለትምህርት አይደለም ወይ ያደረግሁት?» ብዬ ጥቂት ተጽናናሁ። ዳሩ ግን «ትምህርቱ የሚፈልገው መጠን» ስንት ገጽ እንደ ሆነ ሕጉ ቁጥር አልሰጠም፤ ፍርዱን ለሰው ኅሊና ትቶታል። ትንሽ ወደ ኋላ ብመለስ ደግሞ ሌላ አንቀጽ ጠበቀኝ፤ ሰው ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ ማድረግ ይፈቀድለታል፣ መጽሐፍን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ክፍል መገልበጥ ግን አይፈቀድለትም። ለስልሳ ሰው መላኩ ቀርቶ ለራሴ ብቻ ባስቀረው እንኳ ከሕጉ ወጥቻለሁ ማለት ነው።

ለጓደኞቼ ይህን ብነግራቸው ሳቁብኝ። አንዱ «ደራሲው ሞተዋል፣ ማንን ጎዳን?» አለኝ። እውነት ነው፣ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ነገር ግን መብቱ ከደራሲው ሞት በኋላ ለወራሾች ሃምሳ ዓመት ይቆያል። ቢቆጠር እስከ 2046 ዓ.ም. ገደማ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ እኔ አርባ ስድስት ዓመት ይሆነኛል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መጻሕፍት ቢሆኑ ነገሩ ሌላ ነበር፤ እርሳቸው የሞቱት በ1931 ዓ.ም. ነውና። ሐዲስ ዓለማየሁ በአንድ ወቅት የትምህርት ሚኒስትር እንደ ነበሩ ሳስብም ግራ ይገባኛል፤ ቢያዩኝ «ተማሪው አነበበ» ብለው ደስ ይላቸው ነበርን ወይስ ያዝኑብኝ ነበር?

ሌላው ተከራካሪ የሕንድን ወሬ አመጣ። በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለ አንድ የፎቶኮፒ ሱቅ ከመጻሕፍት ለተማሪዎች እያባዛ ስለ ሸጠ ታላላቅ የእንግሊዝ አሳታሚዎች ከሰሱት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ፍርድ ቤቱ ለተማሪዎቹ ፈረደ። እኔም ይህን ፈልጌ አነበብሁት። ክርክሩ የተነሣበት ጥራዝ ከየመጽሐፉ የተወሰዱ ምንባቦች የተሰበሰቡበት ነበር። የእኔ ግን ምንባብ አልነበረም፤ መጽሐፉ እንዳለ ነው። አስተማሪያችን ራሳቸው በኋላ አንድ ምዕራፍ አባዝተው፣ ከላይ የደራሲውንና የመጽሐፉን ስም ጽፈው ሲያድሉን ልዩነቱ በዓይኔ ታየኝ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። በክፍላችን ከሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ስምንተኛን ጨርሶ የመጣ ጓደኛ አለኝ። ፎቶግራፎቹን ለእርሱም ልኬለት ነበር። የእርሱ ስልክ በፊደል የተጻፈውን በድምፅ ያነብለታል፤ የእኔን ፎቶግራፍ ግን እንደ ድንጋይ ዝም አለው። ለስልሳ ሁለት ብዬ ያደረግሁት ለስልሳ አንድ ነበር ማለት ነው። መጽሐፉን በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ንባብ ያውቀዋል፤ «ታሪኩን ከአንተ ይልቅ አውቀዋለሁ፣ አስተማሪው ገጽ ይህን ያህል ሲሉ ነው የምጠፋው» አለኝ።

ስለ እርሱ ስጠይቅ የማራካሽ ስምምነት የሚባል መኖሩን ተረዳሁ። በ2005 ዓ.ም. በሞሮኮ ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም. አባል ሆናለች። ማየት ለተሳነው ሰው፣ ወይም ስለ እርሱ ሆኖ ለሚሠራለት፣ መጽሐፉን በሙሉ በብሬይል ወይም በድምፅ ለማዘጋጀት መንገድ ይከፍታል፤ ነገር ግን መነሻው መጽሐፍ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ መሆን አለበት። ከዚያ እኔ ካነሣሁት ፎቶግራፍ ላይ ላነብለት አልፈለግሁም።

ስለዚህ ክፍሉን ይቅርታ ጠይቄ ፋይሉን ሰረዝሁ፤ እነርሱም እንዲሰርዙ ለመንሁ። ከፊሎቹ ሰረዙ፣ ከፊሎቹ ሰረዝን አሉ። በሳምንቱ ቡራዩ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደውላ «አንተ ያነሣኸው መጽሐፍ እኛ ክፍል ደርሷል፣ ሱሉልታም ጓደኛዬ አላት፤ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብላ አመሰገነችኝ። በአንድ ገጽ ጠርዝ ላይ የአውራ ጣቴ ጠባሳ ስለ ታየ አውቃኛለች። ምን እመልስላታለሁ?

ሳንቲም አዋጥተን ከአዲስ አበባ ሁለት መጽሐፍ ገዛን። አንዱን በተቀደደው ፈንታ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጠን፤ ሌላው በተራ ይዞራል፣ ማታ ማታ ግን እኔ ዘንድ ነው። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፣ ስልኩ ይቀዳል፣ ጓደኛዬ አጠገቤ ይቀመጣል። አዲስ ገጽ በገለጥሁ ቁጥር ቁጥሩን እጠራለሁ። ትናንት ታሪኩ ይዞኝ ሄዶ ገጽ 212ን ሳልጠራ አለፍሁ።

«ወረቀቱ ሲገለበጥ ሰምቻለሁ፤ ተመለስ» አለኝ።