አንዳንድ ቀን የማትነሳው መኪናችን



አባቶቻችን «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ። ዘንድሮ የዚህን ተረት ትርጉም በተግባር ያስተማረችን የትምህርት ቤታችን ሚኒባስ ናት። ወላጆች ከየገቢያቸው አዋጥተው የገዟት ይህች መኪና ገና ዓመት አልሞላትም፤ የተጓዘችውም 14 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀለሟ ያበራል፣ ጎማዋ አልተበላም። ችግሯ አንድ ብቻ ነበር፦ አንዳንድ ቀን አትነሳም።

ፈጽማ ብትቆም ነገሩ ይቀል ነበር። የቆመ መኪና ለመካኒክ ይመቻል፤ ብልሽቱ እፊቱ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። የእኛዋ ግን ጠዋት ቁልፍ ሲነካት ተነሥታ ከጉደሌ እስከ ኮኞ ኮኞ ልጆችን ትሰበስባለች፤ ቀን ላይ እምቢ ትላለች፤ ግማሽ ሰዓት ቆይታ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ጋራዥ ስንወስዳት በሽታዋን ደብቃ ትገባለች።

ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያየነው በየካቲት ወር አንድ ቀትር ላይ ነው። አንድ ተማሪያችን በወባ ትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ወደ ሐኪም ቤት ልንወስደው ቸኮልን፤ መኪናዋ «ቀጭ» ብላ ዝም አለች። አንድ መምህር ልጁን አቅፎ በቦዳ ቦዳ አደረሰው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ድኖ ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ምክሩ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። አንዱ ጋራዥ «ባትሪው ይቀየር» አለ፤ ሌላው «ሞተሪኖው ነው» አለ። «ትሸጥና እንገላገል» ያሉ ወላጆችም ነበሩ። ከሁሉ የከበደን በሹክሹክታ የመጣው ነው፦ «ሾፌሩ ለራሱ እየሠራባት ይሆናል።» ይህ ሰው ልጆቻችሁን በየቀኑ ከደጃችሁ ተቀብሎ ደጃችሁ የሚያደርስ ሰው ነው። ስለዚህ የመኪናዋን ችግር መፈለግ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የአንድ ሰው ስምም አብሮ ተይዟል።

ከወላጆች ኮሚቴ ጋር ተመካክረን አንድ ውሳኔ ላይ ደረስን፦ መጀመሪያ ይመዝገብ፣ ከዚያ ይቀየር። ምክንያታችን የሒሳብ ምክንያት ነው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ብልሽት ጠጋኙን ሁሉ ባለሙያ ያስመስላል። መኪናዋ ከ10 የትምህርት ቀን በአንዱ እምቢ ትላለች እንበል። ባትሪ ቀይረን አንድ ሳምንት፣ ማለትም 5 ቀን፣ በሰላም ብትነሳ «ዳነች» ማለታችን አይቀርም። ነገር ግን 0.9ን አምስት ጊዜ ደጋግመን ብናባዛ 0.59 ገደማ ይመጣል። ምንም ሳትጠገን እንኳ ሳምንቱን በሰላም የማለፍ ዕድሏ ከ100 ወደ 59 ይጠጋል ማለት ነው። ሠላሳ ቀን ሳታስቸግር ከቆየች ግን ያ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ከ100 ወደ 4 ብቻ ይወርዳል። ይህን ስሌት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በሰሌዳ ላይ ሠርተው አሳይተዋል።

የሳይንስ ክበባችን ደብተር ከፈተ። የሚጻፉት ነገሮች ስድስት ነበሩ፦ ቀንና ሰዓት፣ የአየሩ ሙቀት፣ መኪናዋ ቆማ የቆየችበት ጊዜ፣ ቁልፉ ሲዞር የተሰማው ድምፅ፣ የዳሽቦርዱ መብራት ሁኔታ፣ መሪውን የያዘው ሰው። ሙቀት መጻፉ ለጁባ ነዋሪ አይገርመውም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል ተብሎ በደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውን ታስታውሳላችሁ። ሰውን ያንገላታ ሙቀት ለመኪናም አይመለስም።

ድምፁስ ለምን ይጻፋል? ጥንት መኪና የሚነሳው ከፊት ለፊት በእጅ በሚዞር ብረት ነበር፤ ብረቱ ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብር ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. ለ1912 በወጣው የካዲላክ መኪና ላይ ከተገጠመ ወዲህ ያ ድካም ወደ ሞተሪኖው ተላለፈ። ሞተሪኖ ለጥቂት ሰከንድ ብርቱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ የሚሰጠው ባትሪው ነው፤ የሚያመላልሱት ወፍራም ገመዶች ናቸው። ቁልፉ ሲዞር ድምፅ ከሌለና መብራቱም ከጠፋ ባትሪው ወይም የባትሪው ጫፍ ይጠረጠራል። «ቀጭ» ብሎ ከቀረ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ አንሷል፣ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ደክሟል። ሞተሩ እየዞረ ካልነሳ ግን ነገሩ ወደ ነዳጅ ወይም ወደ ካንዴላ ያመራል። በአዳዲስ መኪኖች ደግሞ መኪናው ቁልፉን ካላወቀው የቁልፍ ሥዕል ያለበት መብራት ብልጭ ይላል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ደብተሩ ተናገረ። በ30 የትምህርት ቀን ውስጥ መኪናዋ 3 ጊዜ እምቢ ብላለች። ሦስቱም ጊዜ በቀን ከ6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ሙቀት፣ አጭር መንገድ ሄዳ ሞተሯ ሳይቀዘቅዝ ከቆመች በኋላ ነው። ሦስቱም ጊዜ ድምፁ «ቀጭ» ነው። መሪ ላይ የነበረው ሰው አንዱን ጊዜ ሾፌራችን፣ ሁለቱን ጊዜ ተተኪው ነበር። ሹክሹክታው በዚያው ሞተ።

መካኒኩ ደብተሩን ሁለት ጊዜ አነበበና ባትሪውን በቴስተር ለካው። 12.6 ቮልት አሳየ፤ ሙሉ ነው። ሞተሩ ሲሠራ 14.1 ቮልት ሆነ፤ ዲናሞውም በደንብ ይሞላል። ከዚያ ደብተሩ እንዳለው መኪናዋን በቀትር ነዳት፣ አቆማት፣ ቁልፉ ሲዞርም በባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍና በሞተሩ ብረት መካከል ለካ። ከግማሽ ቮልት በታች መሆን ሲገባው ከ3 ቮልት በላይ አሳየ። ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየባከነ ነበር። የኔጋቲቩ ገመድ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚታሰርበት ብሎን ላልቷል፣ ከሥሩም ቀለምና ዝገት ይዟል። የመንገዱ ንዝረት ያላላውን ሙቀቱ አባብሶታል። ብርጭቆ ወረቀትና የብሎን መፍቻ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሥራውን ጨረሱ። አዲስ ባትሪም አዲስ ሞተሪኖም አልተገዛም። ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ 41 የትምህርት ቀን አንድም ሳታስቸግር ተነሥታለች።

ደብተሩ ከመኪና አልፎ ወደ መማሪያ ክፍልም ገባ። አንድ ተማሪ አንድ ቀን በሒሳብ ከክፍሉ ይበልጣል፣ ሌላ ቀን ጠረጴዛ ላይ ያንቀላፋል። «ሰነፍ» የሚለው ቃል አፍ ላይ ሊመጣ የሚቀርበው እንዲህ ላለው ልጅ ነው። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ግን ቀኑን መመዝገብ ጀመረች። የሚያንቀላፋው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሰኞና ሐሙስ ማታ በኒሙሌ መንገድ የመጣ ዕቃ ለእናቱ ሱቅ ይደርሳል፤ ልጁም እስከ እኩለ ሌሊት ሲያራግፍ ያመሻል። መምህርቷ ከእናቱ ጋር ቡና ጠጥታ ተነጋገረች። አሁን ዕቃውን ቀን ሠራተኛ ያወርዳል፤ ልጁም አራቱን የስሌት ዓይነቶች ለታናናሾቹ እያስጠና ነው።

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ «አንዳንድ ቀን» ሆዱን ሲያመው፣ «አንዳንድ ቀን» ትምህርት ቤት አልሄድም ሲል፣ ከቁጣው በፊት የትኛው ቀን እንደሆነ ጻፉ። ውድ ተማሪዎች፣ እናንተም «አንዳንድ ጊዜ ፈተና ይከብደኛል» ስትሉ የትኛው ትምህርት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን በልታችሁ፣ ስንት ሰዓት ተኝታችሁ እንደነበር አስቡ። «አንዳንድ» የሚለው ቃል ሲመዘገብ ብዙውን ጊዜ ቀንና ሰዓት ይወጣዋል።

የመኪናዋ ደብተር በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ የፈለገ ማንበብ ይችላል። የሚቀጥለው ዓመት የሳይንስ ክበብ አባላት አልፎ አልፎ ለሚቆመው የውሃ ፓምፓችን አዲስ ደብተር ይከፍታሉ። መልካም የዕረፍት ጊዜ እንመኝላችኋለን።