ቫልቭ ሲያፈስ ሽንኩርት ይጠማል

ዛሬ መቂ አጠገብ አንድ የሽንኩርት ማሳ ውሃ ሳያገኝ ዋለ። ፓምፑ ጠዋት ተነሥቷል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃ ግን የለም። ለካ የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ፉት ቫልቭ ጎሚኒው ተበልቶ ውሃውን ወደሚሳብበት ሐይቅ ይመልሰው ኖሯል። ነገሩ እስኪታወቅ ፓምፑ በደረቁ ሲሽከረከር ቆየና በዘንጉ ዙሪያ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ሲልም ተቃጠለ። መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ዕቃ ናት። ከተማው ውስጥ ልኳ ስላልተገኘ አንድ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ 130 ኪሎ ሜትር ያህል።

ሽንኩርት ደግሞ ትዕግሥት የለውም። አብዛኛው ሥሩ ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አይዘልም፤ ራስ በሚቋጥርበት ሰሞን ከተጠማ ሳያድግ ይቀራል።

ይህን የሰማ የአርሲና የባሌ ሰው ኅዳር ትዝ ይለዋል። ስንዴው ደርሶ፣ ኮምባይነሩ በስንት ወረፋ ተገኝቶ፣ ማሳው መሀል ቺንጋው ይበጠሳል። ባለማሽኑ ቅያሪ አልያዘም። ሹፌሩ የተበጠሰውን ቺንጋ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ባለማሳው ሰማይ ሰማዩን ያያል። ዝናቡ ከመጣና ከሰነበተ ስንዴው ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ የዚያ ስንዴ ዱቄት ደግሞ ለዳቦ አይሆንም። አርሲ እኮ ከጭላሎ እርሻ ልማት ጀምሮ፣ ከ1960ዎቹ አንሥቶ፣ ማሽን የለመደ አገር ነው! ይህን ሁሉ ዘመን ከማሽን ጋር ከኖሩ በኋላ በአንድ ቺንጋ እጦት የዓመት ልፋት ሜዳ ላይ ሲቀር ያንገበግባል።

ፓምፕ የሚያድሉትም ቢያስቡበት ደግ ነው። ዘንድሮ አንድ ዓይነት፣ ለከርሞ ሌላ ዓይነት ያመጣሉ፤ የአንዱ ሲል ለሌላው አይገባም፣ መለዋወጫውም አብሮ አይመጣም።

ገበሬው በእጁ ያለው ነገር የዕቃውን ቁጥር መያዝ ነው። ለምሳሌ የፓምፑ ኩሽኔታ ላይ 6205 የሚል ከተጻፈ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በአምስት ሲባዙ የዘንጉን ልክ ይሰጣሉ፦ 25 ሚሊ ሜትር። የውጩ ስፋት 52፣ ውፍረቱ 15 ነው። ቁጥሩ በዝገትና በግራሶ ሳይጠፋ ደብተር ላይ ያሰፈረ ሰው መንገድ ሳይሄድ በስልክ ያዛል። ቅያሪ ማስቀመጥም አይከብድም፤ አንድ ሲል፣ አንድ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ የቫልቭ ጎሚኒ፣ ጥቂት ብሎንና ዳዶ አንድ ሳጥን አይሞሉም። ጎማ ነክ የሆነው ብቻ ከፀሐይና ከናፍጣ ይራቅ።

ማዳበሪያና ዘር የምታከፋፍሉ ማኅበራትና ዩኒየኖች፣ እባካችሁ ከመጋዘናችሁ አንድ መደርደሪያ ለእነዚህ ዕቃዎች ስጡ። ፓምፕ ያላችሁ ወገኖችም ዛሬ ማታ የማሽናችሁን ቁጥሮች ጻፉ።