ባህር ዛፍ በአገሩ

ሆባርት የዓለም ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአውስትራሊያ በስተደቡብ፣ በታዝማኒያ ደሴት፣ ደርወንት ወንዝ ወደ ባሕር ሲቃረብ ዳርና ዳሩን ይዛ ተቀምጣለች፤ ከደሴቲቱ ወዲያ በስተደቡብ የሚያገኙት ሰፊ ምድር አንታርክቲካ ነው። በየሁለት ዓመቱ፣ ጥር አልቆ የካቲት ሲገባ፣ ወደቧ ለበዓል በተሰበሰቡ የእንጨት ጀልባዎች ይሞላል። በዓሉን እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመሩት ፈረንሳይ አገር፣ ብሬስት ላይ የተደረገ የጀልባ በዓል አይተው የቀኑ ጥቂት ሰዎች ናቸው። መግቢያ አይከፈልም።

በመክፈቻው ቀን ጀልባዎቹ ሸራቸውን ዘርግተው በሰልፍ ወንዙን ይዘው ይገባሉ። ያምራል። እኔን ይዞ ያስቀረኝ ግን ውሃ ላይ ያለው ሳይሆን ወደቡ ዳር በድጋፍ የቆመ፣ ገና ያላለቀ ጀልባ ነበር። ሆዱ ክፍት ስለሆነ አጥንቱ ሁሉ ይታያል። ከሥር፣ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋውና የጎድን አጥንቶቹ በሙሉ የሚያርፉበት ወጥ ግንድ ከምን እንደሆነ አናጢውን ጠየቅሁት። «ብሉ ገም» አለኝ።

ብሉ ገም የእኛው ነጭ ባህር ዛፍ ነው! በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ በተጨነቀች ጊዜ የደረሰላት፣ እንጦጦን ያለበሰው ዛፍ የትውልድ አገሩ ይህችው ደሴትና ከእርሷ ማዶ ያለው የአውስትራሊያ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ነው። እኛ ዘንድ ሳይጎረምስ ተቆርጦ አጣና፣ ቋሚና ማገር ይሆናል፤ የቀረው ይነዳል። እዚህ ጊዜ ሲሰጠው ከ60 ሜትር በላይ ይመዘዛል። እንጨቱ ከባድና ብርቱ ስለሆነ የጀልባ ሥር ይሆናል፤ ክብደቱ ከታች መዋሉም ጀልባዋን ያረጋጋታል። ይህን ዛፍ ውሃ መጣጭ እያልን ስንወቅሰው ኖረናል። በአገሩ እንዲህ ባለ ማዕረግ ሳገኘው ግን እውነቱን ለመናገር ኮራሁ።

ቀጥሎ የገባኝ ነገር የጀልባ ንድፍ የሚጀምረው ከወረቀት ሳይሆን ከጫካ መሆኑ ነው። ለሥሩ ብሉ ገም፣ ለጎድንና ለወለል ሴለሪ ቶፕ ፓይን፣ ለቀላል የመቅዘፊያ ጀልባ ኪንግ ቢሊ ፓይን። የመጨረሻው ከሐበሻ ጥድ ጋር ቤተሰቡ አንድ ነው። የሁሉ አለቃ ግን ሁዮን ፓይን ነው፤ ስሙ ፓይን ይባል እንጂ የዝግባ ቤተሰብ ነው። ግንዱ በዓመት የሚወፍረው በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ2,000 ዓመት በላይ የኖሩ ዛፎች አሉ። እንግዲህ ስንዝር የሚሰፋ አንድ ሳንቃ ውስጥ 200 ዓመት ሊኖር ይችላል። እንጨቱ በራሱ ዘይት የተሞላ ነው፤ ዘይቱ ብስባሽንም ነቀዝንም ያርቃል። መላጊያ ሲያርፍበት ጣፋጭና ቅመም ቅመም የሚል ሽታ ይወጣዋል።

የድሮ ሠሪዎች ቅርጹን የሚወስኑት በእጃቸው ነበር። ስስ ጣውላዎችን ደራርበው የጀልባዋን ግማሽ ጎን ብቻ በትንሹ ይቀርጻሉ፤ ሁለቱ ጎኖች እኩል ስለሆኑ ግማሹ ይበቃል። በእጃቸው እየዳሰሱ፣ እየላጉ ዓይናቸው ሲረካ ጣውላዎቹን ይለያዩና የእያንዳንዱን መስመር ይለካሉ፤ ከዚያ በሰፊ ወለል ላይ በእውነተኛው መጠን ይስሉታል። ኮምፒውተር ያመጣውን ሁሉ ካየሁ በኋላም ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ አልታየኝም፤ ውሃ በጀልባ ጎን እንዴት እንደሚንሸራተት መዳፍ ያውቃል።

በበዓሉ ብዙ ሰው የሚከበው የእንፋሎት ሳጥኑን ነው። ጣውላው እየተቀቀለ ይቆያል፤ የተለመደው ስሌት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 1 ሰዓት ነው። ሲወጣ ጓንት ያጠለቁ ሰዎች እየሮጡ ወስደው ከጀልባዋ ጎን ያጣብቁታል፤ ሳይቀዘቅዝ መታጠፍ አለበት። በአንደኛው አሠራር ሳንቃዎቹ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ጠርዝ በጠርዝ ይደራረባሉ። የመዳብ ሚስማር ሁለቱን በስቶ ያልፋል፣ በጫፉ ትንሽ የመዳብ ቀለበት ይጠልቃል፣ ትርፉ ይቆረጥና ጫፉ በመዶሻ ይደፈጠጣል። አንዱ ከውጭ ደግፎ ሌላው ከውስጥ ስለሚመታ የሁለት ሰው ሥራ ነው። በሌላው አሠራር ሳንቃዎቹ ጎን ለጎን ይገጥማሉ፤ በመሃላቸው ጥጥ ይጠቀጠቃል፣ ጀልባዋ ውሃ ስትገባ እንጨቱ ያብጥና ክፍተቱ ይዘጋል።

የዚህ ጥበብ ታሪክ የእስረኞችም ታሪክ ነው። በደሴቲቱ ምዕራብ፣ በማኳሪ ሐርበር ውስጥ ባለችው ሳራ ደሴት፣ ከ1822 እስከ 1833 የእንግሊዝ መንግሥት እጅግ የከፉ ያላቸውን እስረኞች ሁዮን ፓይን አስቆርጦ መርከብ ያሠራቸው ነበር። ሰፈሩ ሲዘጋ ፍሬደሪክ የምትባል መርከብ ስላላለቀች ጥቂቶቹ እንዲጨርሷት ቀሩ። በ1834 መጀመሪያ ከእነርሱ 10ሩ በገዛ እጃቸው የሠሯትን መርከብ ይዘው ጠፉ፤ ፓስፊክን አቋርጠው ቺሊ ደረሱ። አራቱ ተይዘው ሆባርት ላይ ለፍርድ ቢቀርቡም ከስቅላት ተርፈዋል። ለእኔ መርከቧ ፓስፊክን ከማቋረጧ የሚበልጥ የሥራ ጥራት ምስክር የለም።

እዚያው ወደቡ ላይ ሜይ ክዊን ቆማለች። በ1867 ፍራንክሊን በምትባል መንደር የተሠራች፣ ከመቶ ዓመት በላይ እንጨት ስታመላልስ የኖረች ጀልባ ናት፤ ዛሬም ትንሳፈፋለች። ፍራንክሊን አሁን የእንጨት ጀልባ ሥራ ይማሩባታል። አናጢዎቹን የሚቸግራቸው ሁዮን ፓይን ማግኘቱ ነው። በሕይወት ያሉት ዛፎች አብዛኛዎቹ በጥብቅ ክልል ውስጥ ስለሆኑ አይቆረጡም፤ የሚሠራበት ከድሮ የወደቀ፣ ጫካና ወንዝ ውስጥ ሳይበሰብስ የቆየ ግንድ ነው። ስለዚህ አናጢዎቹ ቁራጭ አይጥሉም። የመላጊያውን ፍቅፋቂ እንኳ በከረጢት አድርገው ይሸጣሉ፤ ለሽታው ሲል የሚገዛው ሰው ብዙ ነው።