ውጭ አገር የሚማር ልጅ አላችሁ? «ደህና ነኝ» ሲላችሁ እዚያ ላይ አታቁሙ

ሰሞኑን ብዙ ወላጆች «ልጄ ለትምህርት ውጭ ሊሄድ ነው፤ ምን ምርመራ ያድርግ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል። ስለ ምርመራው መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን በእኔና በእናቴ ላይ የደረሰውን ላጫውታችሁ።

ያደግሁት አትክልት ተራ ነው። እናቴ ቀይ ሽንኩርት ትነግድ ነበር። ልጅ ሆኜ ሳግዛት «ሽንኩርት በዓይን አይገዛም» ትለኝ ነበር። ልጡ ምንም ቢያምር፣ አንገቱን በአውራ ጣት ጫን ሲያደርጉት ለስለስ ካለ ውስጡ በስብሷል ማለት ነው። ዓመታት አልፈው የሕክምና ተማሪ ስሆን፣ የታማሚን ሆድ በእጅ ጫን እያልን መመርመር ስንማር ይህ አባባሏ ትዝ ይለኝ ነበር።

በ2012 ዓ.ም መግቢያ ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ በርሊን ሄድኩ። ሐኪም ብሆንም እዚያ አገር በሙያዬ ለመሥራት የቋንቋ ፈተና ማለፍና የሥራ ፈቃድ ማግኘት ነበረብኝ። ስለዚህ ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ የፖስታ ጥቅል መለየት ጀመርኩ። ቀን ክፍል፣ ሌሊት ሥራ። ከደመወዙ የቤት ኪራይና የጤና ኢንሹራንስ ይከፈላል፤ ከተረፈ ለእናቴ ይላካል።

ከዚያ ክረምታቸው ገባ። በርሊን በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሌሊቱን ስሠራ አድሬ ቀን ስለምተኛ እሷንም ያለማየት ሳምንታት ነበሩ። ወገቤንና እግሬን ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ምግብ አስጠላኝ፤ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። እሑድ እሑድ እናቴ ስትደውል ግን ፊቴን ታጥቤ፣ መብራት አብርቼ፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላት ነበር። ሽንኩርት ሸጣ ያስተማረችኝን እናት እንዴት ላስጨንቃት?

በመጋቢት ኮሮና መጣ። አትክልት ተራ መጨናነቁን ለመቀነስ ተብሎ ወደ ጃንሜዳ መዛወሩን ያነበብኩት ከፌስቡክ ነው። ደንግጬ ደወልኩ። «ደህና ነን፤ አንቺ ብቻ ራስሽን ጠብቂ» አለችኝ። አመንኳት።

ከወራት በኋላ ታናሽ ወንድሜ ደውሎ «እማዬ ራሷን ስታ ወደቀች» አለኝ። ግፊቷ 190 በ110 ነበር። የደም ግፊት መድኃኒቷን ካቆመች ሁለት ወር አልፏታል። ገበያው ሲዛወር ደንበኞቿ ተበትነዋል፤ ለመድኃኒት የሚሆነውን ለአስቤዛ አድርጋዋለች። እኔ ሐኪሟ፣ በየሳምንቱ እያወራኋት፣ አንድ ቀን እንኳ «መድኃኒትሽን እየወሰድሽ ነው?» ብዬ አልጠየቅኋትም።

ሲሻላት ደውዬ «ለምን ደበቅሽኝ?» ብዬ ተቆጣሁ። ዝም ብላ ሰማችኝና እንዲህ አለች፦ «አንቺስ? ድምፅሽ ከገና ጀምሮ ልክ አይደለም። ብትነግሪኝስ ከዚህ ሆኜ ምን አደርግልሻለሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ለካ በድምፄ አውቃለች። ግን ፈርታ አልጠየቀችኝም። እኔም ፈርቼ አልነገርኳትም። እንዳንጨናነቅ ብለን ስንደባበቅ ሁለታችንም ታመን ነበር። በዚያ ቀን ሁሉንም ተነጋገርን። እሷ መድኃኒቷን ልትቀጥል፣ እኔም ልታከም ተስማማን። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዝኩ። ቫይታሚን ዲ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ድብርትም እንዳለብኝ ተነገረኝ። ቫይታሚኑን ወሰድኩ፣ የሌሊት ሥራውን ቀነስኩ፣ ለተማሪዎች በነፃ የሚሰጠውን የሥነ ልቦና ምክር ጀመርኩ። ወራት ቢፈጅም ዳንኩ። እናቴም ዛሬ መድኃኒቷን አታቋርጥም።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ «ደህና ነህ?» ብላችሁ ብቻ ስልኩን አትዝጉት። ጫን በሉት፦

1. ትናንት በስንት ሰዓት ተኛህ? በስንት ሰዓት ነቃህ?
2. ዛሬ ምን በላህ? ከማን ጋር?
3. በዚህ ሳምንት ስንት ሌሊት ሠራህ?
4. ፀሐይ ያየኸው መቼ ነው?

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ከልክ በላይ መተኛት፣ ከሰው መራቅ ካለ ስንፍና ወይም ቅብጠት አይደለም፤ ሐኪም ያስፈልገዋል። «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ቃል ከሰማችሁ ለነገ አይባልም። በአቅራቢያው ያለ ሰው ብቻውን እንዳይተወው አድርጉ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የድንገተኛ ስልኩ 112 ነው።

ገንዘብን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። ጀርመን በ2016 ዓ.ም መጨረሻ ለተማሪ ቪዛ የምትጠይቀው የዓመት መተዳደሪያ 11,904 ዩሮ፣ በወር 992 ዩሮ ነበር። ይህ ለአንድ ተማሪ መኖሪያ የታሰበ ነው፤ ለቤተሰብ የሚላክ የለበትም። ላኩልን ባላችሁት ቁጥር ልጃችሁ አንድ ሌሊት ጨምሮ ሊሠራ እንደሚችል አስቡ።

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስና፣ ከጉዞ በፊት፦

• የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ምርመራ። ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ ከ6 ወር በላይ ለሚሄድ ግዴታ ነው። ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ግን የሚሄድበት አገር ባይጠይቅም ይመርመር።
• የክትባት ካርድ። ከጠፋ ቀደም ብሎ ጤና ጣቢያ ጠይቁ።
• የጥርስና የዓይን ምርመራ፤ እዚያ ውድ ሊሆን ይችላል።
• ቋሚ መድኃኒት ካለው፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን በእንግሊዝኛ የተጻፈበት የሐኪም ማስረጃ።
• የጤና ኢንሹራንሱ ምን ምን እንደሚሸፍን ከመሄዱ በፊት ይወቅ።
• ቀኑ አጭር ወደሆነበት አገር ከሄደ ስለ ቫይታሚን ዲ እዚያ ያለውን ሐኪም ያማክር። የቆዳችን ጥቁረት ፀሐይ ይበልጥ እንድንፈልግ ያደርገናል። መጠኑን ግን ሐኪም ይወስን፤ ሲበዛም ይጎዳል።

እናንተም ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ዛሬ ስትደውሉ እናታችሁን «መድኃኒትሽን ወሰድሽ? ግፊትሽ ስንት ነው?» በሏት። የመለኪያውን ፎቶ እንድትልክላችሁ ጠይቋት። እኔና እናቴ እስከ ዛሬ እንዲህ እናደርጋለን፤ አሁን የምኖረው ከእሷ ሁለት ታክሲ ርቀት ላይ ቢሆንም።

ልጁን ለሸኘ ወላጅ ሁሉ ሼር አድርጉለት።